የአባቴ ጥምጥም ጫፍ

ባለፈው ወር ከደባርቅ ስመለስ የተሳፈርኩባት ማኪና ኮሶዬ ላይ ቆመች። ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ወረደ። እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ምንጭ ጠጋ ስል አንዲት ሴትዮ ነጭ ልብስ በእንዶድ ታጥባለች። ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ መራራ ሽታ ገና ከመድረሱ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና "ምነው እህቴ፣ አመመሽ?" አለችኝ። "የለም፣ ብርዱ ነው" አልኳት። ለማላውቃት ሰው ስለ አባቴ ጥምጥም ከየት ጀምሬ ላውራላት?

ስድስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ዓርብ ዓርብ ቤታችን የሚሸተው ይኸው እንዶድ ነበር። እናቴ የአባቴን ጥምጥም አጥባ ገመድ ላይ ትሰጣዋለች፣ እኔ ደግሞ ወፍ እንዳያበላሸው እጠብቃለሁ። አባቴ መሪጌታ ነው። ከጎንደር ከተማ ዳር ባለች አንዲት ደብር ማኅሌቱን ይመራል፤ በሌላው ቀን ግቢያችን ውስጥ ለልጆች ዜማ ያስተምራል። ትውልዱ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። ከተማ ብዙ ዓመት ኖሮ እንኳ ለሁሉም ነገር "ሸጋ" ማለቱን አልተወም፤ ወጡም ሸጋ ነው፣ ዝናቡም ሸጋ ነው፣ የኔ የሒሳብ ውጤት ብቻ ነበር ሸጋ ያልነበረው።

በዚያ ቤት የኔ ሥራ ጫፍ መያዝ ነበር። ጥምጥም እንደ ባርኔጣ አንሥተው ራስ ላይ ጣል የሚያደርጉት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን ረጅም ስስ ጨርቅ ነው። በርዝመቱ ይታጠፍና አንዱን ጫፍ ባለቤቱ ግንባሩ ላይ ያሲዛል፣ ሌላውን ሌላ ሰው ወጥሮ ይይዝለታል። ከዚያ ባለ ጥምጥሙ እየዞረ ይጠመጥማል፣ ያዡም አንድ አንድ እርምጃ እየተጠጋ ይመጣል። አንዳንዱ ጫፉን ከበር እጀታ ጋር አስሮ ብቻውን ይጠመጥመዋል አሉ፤ አባቴ ግን እኔ እያለሁለት በር ምን ያደርግለታል? "ያዥ እንግዲህ" ሲለኝ ሁለት እግሬን ተክዬ እወጥራለሁ። ልል ከሆነ ጥምጥሙ ማኅሌት ላይ ይንሸራተትና ሰው ይስቃል። ሲጨርስ ፊት ለፊት እንገናኛለን። "ሸጋ አርገሽ ያዝሽ" ይለኛል። ወንድም የለኝም፤ ቢኖረኝም ይቺን ሥራ አልለቅለትም ነበር።

ኅዳር ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። አንድ እሑድ ማለዳ እንደ ልማዴ ወጥሬ ስይዝ "ላላ አርጊው ልጄ" አለኝ። አላላሁት። በሳምንቱም "ላላ አርጊው"። በሦስተኛው ሳምንት ጨርቁ መሬት ሊነካ ደርሶ እንኳ "ኧረ ላላ አርጊው፣ ምነው ጨከንሽብኝ" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አባቴ ቀልዶም ቢሆን ጨከንሽ ብሎኝ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ምሳ አልበላም ብዬ ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንደ ሰላይ ልከታተለው የጀመርኩት። ራስ ምታት ድሮም አልፎ አልፎ ያመው ነበር፤ ግማሽ ራሱን ይዞ ግማሽ ቀን ተኝቶ ይነሣል፣ በቃ። አሁን ግን ሳያመው የሚውልበት ቀን ጠፋ። በቀን ብርሃን መስኮት ዝጉ ይላል። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ወደ ደጅ ይወጣል። ትራስ ላይ በቀኝ ጉንጩ ብቻ ነው የሚተኛው። ማበጠሪያውን ትቶታል። አንድ ቀን እናቴ በአጠገቡ ስታልፍ የነጠላዋ ጥለት ጆሮ ግንዱን ነካ ቢያደርገው እንደተጠበሰ ሰው ተፈናጠረ። ኪሱ ውስጥ ከሱቅ የሚገዛት ነጭ ኪኒን አትጠፋም፤ ጧት አንድ፣ ከሰዓት አንድ፣ ያለ ውሃ ጭምር ይውጣታል። እናቴ "ሐኪም ቤት እንሂድ" ስትለው "ራስ ምታት ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ምን ዓይነት ወንድ ነው" ይላታል። እሷም "ምች ይሆናል" ትልና ዳማከሴ ጨምቃ ትሰጠዋለች።

እኔ ግን ምችም ምንም እንዳልሆነ አውቄያለሁ ባይ ነኝ። የእጄ ጣጣ ነው። ለምን ቢሉ፣ መስከረም ላይ የጎረቤታችንን ልጅ የሰላምን ጸጉር ልሠራላት ይዤ ሳለሁ አልቅሳ "እጅሽ ያማል፣ አልፈልግም" ብላ ሄዳለች። እናቴም እግሯን ሳሽላት "ኧረ ቀስ፣ እጅሽስ" ትለኛለች። እነዚህን ሁለቱን አገናኘሁና ፍርዱን ሰጠሁ፤ እጄ ሰው ያሳምማል፣ ሕመሙም በጨርቁ በኩል እየሄደ አባቴ ራስ ላይ ይደርሳል። ይኼን ማንን ልጠይቅ? ብናገር ቡዳ ናት እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ድመታችንን ዳሰስኳት፣ አንኮራፍታ ተኛች። የራሴን ግንባር ዳሰስኩት፣ ደህና ነው። ሆኖም ድመት እንደ ሰው አይደለችም ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ጫፉን የምይዘው እጄን በወጥ ቤት ጨርቅ ጠቅልዬ ሆነ። አባቴ "ይኼ ደግሞ ምንድነው?" ሲለኝ "እንዳላቆሽሸው ነው" እላለሁ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት የፈራሁት ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከበሮው ይመታል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። አባቴ በመዘምራኑ መካከል መቋሚያውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መሰለ። ድንገት እጁን ሰዶ ጥምጥሙን ከራሱ ላይ አወለቀና ትከሻው ላይ ጣለው። የአናቱ መላጣ እንደ ሳህን አብረቀረቀ። ዝማሬው አልተቋረጠም፤ ከአጠገቤ ያሉት ሴቶች ግን እልልታቸውን አቋርጠው እርስ በርስ ተያዩ።

አገራችን ውስጥ መሪጌታ በታቦት ፊት ራሱን ገልጦ ሲቆም "ሞቆት ይሆናል" የሚል የለም። ጥምጥም መጣል ማለት አገልግሎት መጣል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ከቧንቧ ውሃ ልቀዳ ተሰልፌ ወሬውን በራሴ ጆሮ ሰማሁት። "ሃይማኖቱን ሊለውጥ ነው አሉ።" "ለወጠ እንጂ፣ ምን ሊለውጥ ነው ትያለሽ።" እኔ መሆኔን ሲያዩ ወደ ጀሪካናቸው ዞሩ። አባቴ ዘንድ ዜማ ይማሩ ከነበሩት አሥራ አንድ ልጆች በሳምንቱ የመጡት አራት ናቸው።

ከዚያ ቄሰ ገበዙ ቤታችን መጡ። ቄሰ ገበዝ የደብሩን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁ ሰው ናቸው፤ የኛው ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። አልቀመጥም አሉ።

"መሪጌታ፣ የሚባለውን ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እውነት ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ምነው አወለቁት?"

አባቴ መሬት መሬት አየ። ራሴን ያመኛል ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ለሱ ይከብድ ነበር። ሙሉ ሌሊት ቆሞ የሚያነጋ፣ በጾም በፀሐይ የማይበገር መሪጌታ ነው፤ እንዲህ አድርገው ነው የሚያውቁት፣ እሱም ራሱን እንዲህ ነው የሚያውቀው። "ሞቆኝ ነው" አለ። ቄሰ ገበዙ ወደ በሩ ዞሩ። "ለከተራ ጠምጥመው ከቆሙ ወሬው በዚያው ይሞታል። ካልጠመጠሙ ማኅሌቱን የሚመራ ሌላ ሰው እንፈልጋለን፤ ከዚያ በኋላም የሃይማኖትዎ ነገር ይጠየቃል" ብለው ወጡ። እናቴ በሩን ዘግታ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለች።

ወሬው መካነ ብርሃን ድረስ ሄዷል። ገና በዋለ በማግስቱ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምስ አንድ ቅል ቅቤ ይዞ በአውቶቡስ መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ሃይማኖትህን ለወጥህ አሉኝ፣ እውነት ነው?" አለው። አባቴ "አያ፣ አንተም?" ሲል ድምፁ ተሰበረ። ያን ጊዜ እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ። "ራሱን ያመዋል! ሁለት ወር ሙሉ ያመዋል፣ መናገር ሞት ሆኖበት ነው!" አለች። አያ ደምስ ተንፈስ አለና "ራስ ነው? እሱማ ቀላል ነው" ብሎ ቅቤውን ዘገነ፤ የገበሬ እጅ አይደለ፣ የወንድሙን ራስ ያዝ አድርጎ ማሸት ጀመረ።

አባቴ ጮኸ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንድም ቀን ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። አያ ደምስ እጁን ወደ ላይ እንደያዘ ቅቤው በክንዱ ይወርዳል። "ወንድሜ፣ ምንም አልነካሁህ እኮ" ይላል ደጋግሞ። እኔም ምስጢሬን መያዝ አቃተኝና "እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ! የኔ እጅ ነው!" ብዬ አለቀስኩ። ስለ ሰላም ጸጉር፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ወጥ ቤቱ ጨርቅ፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለእናቴ "ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እሷም ትምጣ" አላት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጸጉሯን በቀይ ላስቲክ አስራዋለች። ብዙ ጠየቀችው፤ በየትኛው በኩል እንደሚያመው፣ ብርሃን ይረብሸው እንደሆነ፣ በወር ስንት ቀን እንደሚመጣበት። ከዚያ ከሳጥን ትንሽ ጥጥ አወጣችና ክንዱ ላይ አስኬደችው። ምንም አላለም። ግንባሩ ላይ ስታስኬደው ወደ ኋላ ሸሸ።

"ምን ተሰማዎት?"

"ያቃጥላል።"

"ጥጥ ነው እኮ፣ መሪጌታ።"

አባቴ ጥጡን አየው፣ እንደ ማፈር አለ። ሐኪሟ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ አስረዳችው። ያለበት ማይግሬን የሚባለው ነው አለች። ራስ ምታት እየተደጋገመ ሲመጣ ሕመም የሚያደርሰው ነርቭ ይነቃል፣ ነቅቶም ይቀራል፤ ያኔ ሌላው ሰው የማይሰማው ንክኪ ሁሉ እንደ ቁስል ይቆጠርበታል፤ ቆዳው ላይ ምንም ጉዳት የለም፣ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። አባቴ ትንሽ አሰበና "የደብራችን ድምፅ ማጉያ እስከ ጥግ ሲከፍቱት ሰው ሲተነፍስበት እንኳ ያፏጫል። እንደዚያ ነው?" አላት። "ልክ እንደዚያ" አለች። "በየቀኑ የሚውጧት ኪኒን ደግሞ ድምፁን ይባስ ከፍ ታደርገዋለች። አልፎ አልፎ ሲሆን ትረዳለች፣ በየቀኑ ሲሆን ግን ራስ ምታቱን መልሳ ታመጣዋለች። እሷን እናቆማለን።" በምትኩ ማታ ማታ የሚዋጥ፣ የሚከላከል መድኃኒት ጻፈችለት። "መጀመሪያ አካባቢ ሊብስብዎ ይችላል። መሻሻሉን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል።"

"ከተራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው" አላት አባቴ።

ሐኪሟ የመድኃኒቱን ወረቀት ሰጠችው። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ሁለት እጄን ዘረጋሁላት። "የኔንም እይልኝ።" ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና "ምንም የለውም፣ አንቺ አይደለሽም" አለችኝ። አላመንኳትም። ማዳመጫዋን እንኳ አላደረገችበትም እኮ። እንዴት አወቀች?

እነዚያ ዘጠኝ ቀናት እንዳይመለሱ። አያ ደምስ አገሩ አልተመለሰም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ሰው "ተኝቷል፣ ሂዱ" እያለ ይመልሳል። ለቄሰ ገበዙ እውነቱን ልንገር ሲል አባቴ "በሽታዬን ለደብር እንዳታውጅብኝ፣ አያ። ካወቁ በዚያው ያሳርፉኛል" አለው። እኛ ሹክሹክታ ለመድን። ሳህን ከሳህን ሲጋጭ እናቴ እኔን በዓይኗ ትቆጣኛለች። የትምህርት ቤት ጫማዬን ደጅ አወልቃለሁ። በስድስተኛው ቀን እናቴ ገበያ ሄዳ፣ አያ ደምስ ቅዳሴ ሄዶ፣ አባቴ ከጨለማው ክፍል ጠራኝ። በቀትር ነው፤ ደጁ ቦግ ብሎ ሳለ እዚያ ውስጥ ፊቱ እንኳ አይታይም።

"ልጄ፣ ሱቅ ሂጂና ያቺን ኪኒን አንድ ብቻ አምጪልኝ።"

"ሐኪሟ..."

"አባትሽ እኔ ነኝ ወይስ ሐኪሟ?"

እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። ወጣሁ። ሱቁ በር ላይ ቆምኩ። ባለ ሱቁ "ምን ልስጥሽ?" ሲለኝ አንዴ በጨርቅ አሳመምኩት፣ አሁን ደግሞ በኪኒን ላሳምመው ነው ብዬ አሰብኩ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

"አልቋል አሉኝ" አልኩት።

"ሱቁ ውስጥ ኪኒን አለቀ?"

"አዎ።"

መዋሸቴን አውቋል፤ ማወቁንም እኔ አውቄያለሁ። "ሸጋ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ደጅ ወጥቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

የከተራ ዕለት ከቀትር በኋላ ተነሥቶ ለበሰ። "ያዥ እንግዲህ" አለኝ። የወጥ ቤቱን ጨርቅ ፍለጋ ስዞር "ባዶ እጅሽን" አለኝ። ያዝኩ። አንድ ዙር ዞረ፣ ጥርሱን ነከሰ። ሁለት ዙር። በሦስተኛው እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፣ ግን አላቆመም። አያ ደምስ ፊቱን አዞረ። እናቴ "ይቅርብህ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ቦታው ይቅርብህ" አለችው። "ቦታው ከቀረ ምን እሆናለሁ?" አላት። አምስት ዙር ጠምጥሞ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው።

የደብሩ ግቢ በሕዝብ ጢም ብሏል። ታቦቱ ሲወጣ ምድር በእልልታ ተናወጠች። አባቴ ከመዘምራኑ ፊት ቆሞ ዜማውን አነሣ፤ ድምፁ ያው የድሮ ድምፁ ነበር። ቄሰ ገበዙ ከጎን ሆነው ጥምጥሙን አዩና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰልፉ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሊያመራ ከደጀ ሰላሙ ገና ሲወጣ የአባቴ ድምፅ ተቆረጠ። መቋሚያውን በሁለት እጁ ጨበጠ። መዘምራኑ መቀበሉን አቆሙ። ሰልፉም ታቦቱም ቆመ።

ዞር ብሎ በዓይኑ ሲፈልገኝ አየሁ። ሰው እየገፋሁ ደረስኩ። የጥምጥሙን ጫፍ ሰጠኝ፣ ያዝኩ፤ እሱ እየዞረ ፈታው። ከኋላዬ አንዲት ሴት "ይኸው፣ አላልኩሽም? ጣለው" ስትል ሰማኋት። ብነክሳት ደስ ባለኝ። አባቴ ራሱን ገልጦ ወደ ታቦቱ ዞረና ሰገደ። ከዚያ ከዲያቆኑ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።

"ወገኖቼ፣ ሃይማኖቴ ያው ሃይማኖቴ ነው" አለ። "ራሴን ያመኛል። ጨርቅ ሲነካኝ ይፈጀኛል። ሞቆኝ ነው ያልኩት ውሸት ነበር፣ አፍሬ ነው። ማንም አልደገመብኝም፣ የማንም እጅ የለበትም፤ ሕመም ነው። መጠምጠም አልቻልኩም። ዛሬ ሌላ ሰው ይምራላችሁ።"

ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው መጡ። ሊያስወጡት ነው ብዬ የአባቴን ቀሚስ ያዝኩ። እሳቸው ግን አልፈውን ሄደው ከአንዱ ዲያቆን እጅ በወርቅ ክር የተጠለፈውን ጥላ ተቀበሉ። ተመልሰው ከአባቴ ጎን ቆሙና በገለጠው ራሱ ላይ ዘረጉት። ጥላው ከፍ ብሎ ቆመ፣ ዘርፉ እንኳ ትከሻውን አይነካም።

"ራስዎ ተሸፍኗል" አሉት። "የሚነካዎትም የለም። ያንሡ እንጂ፣ መሪጌታ፤ ታቦት ቆሟል።"

አባቴ አነሣ። እንባው እየወረደ፣ ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አነሣ። መዘምራኑ ተቀበሉት። ሽማግሌው ጥላውን ለሌላ ሳይሰጡ አብረውት ተራመዱ።

እኔ ጥምጥሙን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የማንም እጅ የለበትም ብሏል። ሐኪሟን አላመንኳትም ነበር፤ አባቴ ግን በታቦት ፊት አይዋሽም። ጨርቁን በሁለት ባዶ እጄ ሰብስቤ ደረቴ ላይ አቀፍኩና ከኋላቸው ተከተልኩ።